ገመዱ፣ ጠባቂውና ወንጭፉ፦ እግረኛን ስለሚጠብቅ የመኪና መሣሪያ

አንድ ምሽት ትምህርት ጨርሰን ደብተር ስንሰበስብ፣ አንድ ጎልማሳ ተማሪያችን ወደ ኋላ ቀሩ። ብረት ቀጥቃጭ ናቸው። በመንደሩ ያለው ማጭድና መጥረቢያ አብዛኛው የእጃቸው ሥራ ነው። ከጋቢያቸው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡና፦

"ልጆቼ፣ እስቲ ይህ ላይ የተጻፈውን አንብቡልኝ። ያስተማራችሁኝ ፊደል አይደለም" አሉን።

ከመዳፍ የማይረዝም ከበድ ያለ የብረት ቱቦ ነው። ጫፉ ላይ ቢጫ የሽቦ ሶኬት አለው። ጎኑ ላይ በፈረንጅ ፊደል የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል። ወረቀቱ ላይ የፍንዳታ ምልክት አለ።

"ጋሼ፣ ይህን ከየት አመጡት?"

"ሶዶ፣ ከቁርጥራጭ ብረት ሻጭ ነው። ከባሌስትራ ጋር በኪሎ መዝኖ ሰጠኝ። ጥሩ ብረት ይመስላል። ነገ ጠዋት እሳት ውስጥ ልከተው ነበር።"

ከመካከላችን አንዱ የመካኒካል ምሕንድስና ተማሪ ነው። ወረቀቱን አነበበና ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። "ጋሼ፣ ይህ እሳት አይንካው። ውስጡ እንደ ባሩድ የሚነድ ነገር አለ" አላቸው።

እሳቸው ወናፍ የሚያስነፉት የ10 ዓመት ልጃቸውን ነው። ልጁ ደግሞ ከምድጃው አንድ ክንድ እንኳ አይርቅም። ይህን ጽሑፍ የጻፍነው በዚያ ምሽት ምክንያት ነው። ለመሆኑ ያ ብረት ምንድን ነው? መኪና ላይ ምን ይሠራል? ሲበላሽስ እንዴት በደኅና ይለወጣል?

1. መንገዱና እኛ

ወላይታ ሶዶ በዳሞታ ተራራ ሥር ያለች ከተማ ናት። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ርእሰ ከተማ ሆናለች። ከሶዶ ብዙ መንገድ ይወጣል። አንዱ በቦዲቲ በኩል ወደ ሻሸመኔ ይወስዳል። አንዱ በአረካ በኩል ወደ ሆሳዕና ይሄዳል። ሌላው በሁምቦ በኩል ወደ አርባ ምንጭ ይወርዳል።

በእነዚህ መንገዶች ላይ የሚሄደው መኪና ብቻ አይደለም። እኛም እንሄዳለን። ጎዳሬና ድንች የተሸከመች እናት ትሄዳለች። ተማሪ ይሄዳል። ለጊፋታ በዓል የተገዛ በሬ የሚነዳ ገበሬም ይሄዳል። መንገዱ የሁላችንም ነው። ነገር ግን ሰውና ብረት ሲጋጩ ሁልጊዜ የሚጎዳው ሰው ነው።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት፣ በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 1.2 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል። ከሟቾቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ሞተር ብስክሌት ነጂዎች ናቸው።

ፍጥነት ምን እንደሚያደርግ እንመልከት። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 8 ሜትር ያህል ይሄዳል። አንድ ሰከንድ "እንዴት አደራችሁ" ለማለት የሚፈጀውን ጊዜ ያህል ናት። በ60 ኪሎ ሜትር የሚሄደው በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ያህል ያልፋል። ሾፌሩ አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያደርስ አንድ ሰከንድ ይሄዳል። ፍሬኑ ከያዘ በኋላም መኪናው ወዲያው አይቆምም። በደረቅ አስፋልት ላይ፣ ፍሬኑ ጥሩ የሆነ ትንሽ መኪና በ30 ሲሄድ ከነበረ ለመቆም በጠቅላላው 13 ሜትር ያህል ይፈልጋል። በ60 ከነበረ ግን 37 ሜትር ያህል ይፈልጋል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የመቆሚያው ርቀት ከእጥፍ እጅግ ይበልጣል። ዝናብ ከጣለ ደሞ ይብሳል።

2. መሣሪያው ለምን ተሠራ?

ትንሽ መኪና ሰውን ከፊት ሲገጭ መጀመሪያ የሚመታው እግሩን ነው። የመኪናው የፊት መከላከያ፣ መካኒኮች ፓራውልት የሚሉት፣ እግሩን ይመታዋል። ከዚያ ሰውየው ተጠማዞ ይወድቅና ራሱ ኮፈኑን ይመታል። ኮፈን ማለት ሞተሩን የሚሸፍነው ቆርቆሮ ነው።

ኮፈኑ ስስ ስለሆነ ይጎብጣል። ነገር ግን ከሥሩ ወዲያው ሞተሩ አለ። ሞተሩ አይጎብጥም። ሰው በገለባ ክምር ላይ ቢወድቅና በአለት ላይ ቢወድቅ አንድ አይደለም። ገለባው እየሰመጠ ይቀበለዋል። አለቱ አይሰምጥም። በስስ ገለባ የተሸፈነ አለትም ያው አለት ነው።

መሐንዲሶች ይህን አይተው "ኮፈኑ በግጭቱ ጊዜ ከሞተሩ ከፍ ቢልስ?" አሉ። ኮፈኑ ከኋላ በኩል አንድ ጋት ያህል ብድግ ካለ በሥሩ ባዶ ቦታ ይኖራል። የሰውየው ራስ ሲያርፍበት ቆርቆሮው እየጎበጠ ይቀበለዋል። ይህ መሣሪያ በጃፓንና በአውሮፓ መኪኖች ላይ መታየት የጀመረው በ1990ዎቹ ዓመተ ምሕረት ነው። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ የስዊድኑ ቮልቮ ቪ40 በተባለ መኪናው ላይ ለእግረኛው ራስ የሚነፋ የአየር ከረጢት ጨመረበት።

3. እንዴት ይሠራል?

በበቆሎ ማሳ ላይ ሌሊት የሚጠብቅ ሰው ምን ያደርጋል? በማሳው ዙሪያ ገመድ ይወጥራል። በገመዱ ላይ ቆርቆሮ ያንጠለጥላል። አሳማ ወይም ጃርት ገመዱን ሲነካ ቆርቆሮው ይንኳኳል። ማማ ላይ ያለው ጠባቂ ይሰማል። "ይህ ንፋስ ነው ወይስ አሳማ?" ብሎ ያመዛዝናል። አሳማ ከሆነ ወንጭፉን ይለቃል።

የመኪናውም መሣሪያ እንዲሁ ሦስት ነገር አለው።

አንደኛው ገመዱ ነው። ስሙ ሴንሰር ይባላል። ከፓራውልቱ በስተጀርባ ይቀመጣል። በአንዳንድ መኪና ላይ አየር የያዘ ቀጭን የጎማ ቱቦ ነው። እግር ፓራውልቱን ሲመታ ቱቦው ይጨመቃል፤ አየሩ ይገፋል፤ በሁለቱ ጫፎች ያሉት ሴንሰሮች ግፊቱን ይለካሉ። በሌሎች መኪናዎች ላይ ደግሞ ንቅናቄን የሚለኩ ትናንሽ ሴንሰሮች ናቸው።

ሁለተኛው ጠባቂው ነው። ይህ የመኪናው ኮምፒውተር ነው። የመጣውን ምልክትና የመኪናውን ፍጥነት አመዛዝኖ "የሰው እግር ይመስላል" ወይም "አይደለም" ይላል። መኪናው በጣም ቀስ ብሎ ወይም በጣም ፈጥኖ የሚሄድ ከሆነ መሣሪያው አይነሣም። ልኩ እንደ መኪናው ሠሪ ይለያያል።

ሦስተኛው ወንጭፉ ነው። በኮፈኑ ማጠፊያ አጠገብ፣ በግራና በቀኝ ይቀመጣል። ኮምፒውተሩ ትንሽ ኤሌክትሪክ ሲልክለት ውስጡ ያለው ተቀጣጣይ ነገር ይነድዳል። ጋዙ ዘንጉን ወደ ላይ ይወረውራል። ዘንጉ ኮፈኑን ያነሣል። በጠንካራ ሞላ የሚሠራም አለ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ዓይን ተከድኖ እስኪገለጥ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው።

ብረት ቀጥቃጩ ያመጡልን ይህ ወንጭፍ ነበር። ያውም ያልተተኮሰ።

4. መካኒኩ እንዴት ይለውጠዋል?

ከእናንተ መካከል ልጁን ሶዶ ጋራዥ ሥራ ያስለመደ አለ። ልጁ ረዳት ሆኖ ቁልፍ ያቀብላል፤ ኮፈን ሥር ይገባል። ይህን ክፍል ለእሱ አንብቡለት። ሥራው የሠለጠነ መካኒክ ሥራ ነው። ረዳቱ ግን ምን እንደማይነካ ማወቅ አለበት።

ሀ. መጀመሪያ ማንበብ ይቀድማል። እያንዳንዱ መኪና የራሱ የጥገና መጽሐፍ አለው። የአንዱ መኪና አሠራር ለሌላው አይሆንም። መካኒኩ የመመርመሪያ መሣሪያ አገናኝቶ የተበላሸው የትኛው እንደሆነ ያረጋግጣል። በግምት አይፈታም።

ለ. ቁልፉ ከመኪናው ይወጣል። የባትሪው ነጌቲቭ ሽቦ ይፈታል። ከዚያ ወዲያው ሥራ አይጀመርም። ኮምፒውተሩ በውስጡ ትንሽ ኤሌክትሪክ አጠራቅሞ ይይዛል። ይህ የሚያዘው በግጭት ጊዜ ባትሪው ቢበጠስም ወንጭፉን ለመተኮስ እንዲችል ነው። ስለዚህ መጽሐፉ የሚያዘውን ያህል ደቂቃ መጠበቅ ግዴታ ነው። በዚህች በጥቂት ደቂቃ ችኮላ እጅ ሊጎዳ ይችላል።

ሐ. በኤሌክትሪክ የሚሄድ መኪና ከሆነ ሌላም አደጋ አለ። ብርቱካንማ ቀለም ያላቸው ወፍራም ሽቦዎች ሰው የሚገድል ኃይል ይይዛሉ። በዚህ ያልሠለጠነ ሰው አይንካቸው።

መ. ሽቦውን ከመንካት በፊት የመኪናውን ባዶ ብረት በእጅ መንካት ያስፈልጋል። ሰውነታችን ላይ፣ በተለይ የናይለን ልብስ ስንለብስ፣ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይጠራቀማል። ብረቱን ስንነካ ያ ኤሌክትሪክ ይወጣል።

ሠ. ወንጭፉ ይሠራ እንደሆነ ለማየት በአምፖል ወይም በመለኪያ መሞከር ክልክል ነው። የሚተኩሰው ትንሽ ኤሌክትሪክ ነው። "እስቲ ልሞክረው" ያለ ሰው እጁ ላይ ይተኩሰዋል።

ረ. ያልተተኮሰ ወንጭፍ ሲያዝ የሚወረወርበት ጫፍ ከፊትና ከሰውነት ይዞራል። በመዶሻ አይመታም። አጠገቡ አይበየድም። ከእጅ ከወደቀ መኪናው ላይ አይገጠምም።

ሰ. የተተኮሰ ወንጭፍ ዳግመኛ አይሠራም፤ በአዲስ ይለወጣል። ወዲያው ከተተኮሰ ይሞቃል፤ እስኪበርድ አይነካም። ከሌላ ከተሰበረ መኪና ተፈትቶ የመጣ ወንጭፍ መግጠም የሰው ሕይወት ላይ ቁማር መጫወት ነው። አብሮ የተጣመመ ማጠፊያና ኮፈንም ይለወጣል።

ሸ. ሴንሰሩም እንደ ተቀደደ ከመነዳሪ አይለጠፍም። ቱቦው ከተቀደደ ሙሉው ይለወጣል። ከቱቦው ጋር ያለው ስፖንጅም እንደ ነበረው ይመለሳል። ስፖንጁ ተጥሎ ጨርቅ ቢጠቀጠቅ ጠባቂው የሚሰማው ድምፅ ሌላ ይሆናል። እንዲሁም በፓራውልቱ ፊት ወፍራም የብረት አጥር ማስበየድ ሁለት ጉዳት አለው፦ ሴንሰሩን ያደነቁረዋል፤ እግረኛውንም አብዝቶ ይሰብረዋል።

ቀ. ሁሉም ሶኬት ከተሰካ በኋላ ባትሪው በመጨረሻ ይታሠራል። በዚያ ጊዜ ማንም ሰው ኮፈኑ ላይ አይደገፍ፤ አንገቱንም ወደ ሞተሩ አያስገባ። ከዚያ ቁልፉ ሲዞር በሾፌሩ ፊት ያለችው የማስጠንቀቂያ መብራት በርታ ትጠፋለች። በርታ ከቀረች ሥራው አላለቀም።

መብራቷ እንዳትታይ አምፖሏን የሚያወጣ ሰው አለ ይባላል። ይህ ማማው ላይ የተኛን ጠባቂ በመቀስቀስ ፈንታ በጋቢ እንደ መሸፈን ነው። ማሳው ግን ይበላል።

5. ሁሉም መኪና ይህ የለውም

እዚህ ላይ ልብ በሉ። መንገዳችን ላይ የምናየው ባጃጅ ይህ መሣሪያ የለውም። አይሱዙውም የለውም። የጭነት መኪና ፊቱ ረጅምና ቀጥ ያለ ነው፤ የሚነሣ ኮፈን የለውም። መሣሪያው ያለው በአንዳንድ ትናንሽ መኪኖች ላይ ብቻ ነው። ያለውም ቢሆን ጉዳት ይቀንሳል እንጂ ግጭትን አያስቀርም። ስለዚህ "መኪናው ያውቀኛል" ብሎ መንገድ የሚገባ ሰው ተሳስቷል።

ሌላም አዲስ ነገር አለ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ተወስኗል። ከዚያ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች በዝተዋል። የኤሌክትሪክ መኪና ቀስ ብሎ ሲሄድ ድምፁ ብዙ አይሰማም። እኛ ግን መንገድ የምንሻገረው ብዙ ጊዜ በጆሯችን ነው። የሞተር ድምፅ ካልሰማን "መኪና የለም" እንላለን። ከእንግዲህ በጆሮ ብቻ መሻገር አይቻልም። በዓይን ማየት ያስፈልጋል።

በአገራችን ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ መኪና የሚሄደው ቀኙን ይዞ ነው። ስለዚህ የእግረኛ መንገድ ከሌለ እኛ ግራችንን ይዘን እንሂድ። ያን ጊዜ በእኛ በኩል የሚመጣው መኪና ከፊታችን ይመጣል፤ እናየዋለን። ቀኛችንን ይዘን ከሄድን ግን ከኋላችን ይመጣብናል። ማታ ስንሄድ ነጠላውን ገልጠን እንልበስ። ነጭ ልብስ በመብራት ከሩቅ ይታያል።

6. ብረቱ ከሶዶ ወደ መንደር ሲመጣ

አሁን ወደ ብረት ቀጥቃጩ እንመለስ። ብረት ቀጥቃጭ ባይኖር ማረሻም ማጭድም የለም። የቀጥቃጭ ብረት ደግሞ ብዙ ጊዜ ከአሮጌ መኪና የሚመጣ ነው። ከባሌስትራ ጥሩ መጥረቢያ ይወጣል። ነገር ግን ድሮ መኪና ብረትና ጎማ ብቻ ነበር። ዛሬ በአንድ ጆንያ ቁርጥራጭ ውስጥ ያልተተኮሰ ወንጭፍ ወይም የአየር ከረጢት ማቀጣጠያ ሊገባ ይችላል። ዝም ብሎ ሲቀመጥ ብረት ነው። ከሰል ላይ ሲወጣ ግን ይፈነዳል።

ስለዚህ እነዚህን እናስታውስ፦

• ከመኪና የወጣ ቱቦ ወይም ቆርቆሮ ቢጫ ሶኬት ወይም ቢጫ ሽቦ ካለው፣ ወይም የፍንዳታ ምልክት ከተለጠፈበት፣ እሳት ውስጥ አይግባ። ሶኬቱ ተቆርጦ ወረቀቱም ተልጦ ሊሆን ስለሚችል፣ ሁለት ጫፉ የተዘጋና ውስጡ የማይታይ ማንኛውም ቱቦ እሳት አይንካው።
• በመዶሻ አይመታ፤ በመጋዝ አይቆረጥ፤ ከባትሪ ድንጋይ ጋር አይገናኝ። ለልጅ መጫወቻ አይሰጥ።
• ከተገኘ ከእሳትና ከቤት ርቆ ደረቅ ቦታ ይቀመጥ። ለቀበሌ ወይም ለፖሊስ ይነገር።
• መኪና ሰው ገጭቶ ብታገኙ፣ የተጎዳውን እርዱ እንጂ ኮፈኑ ላይ አትደገፉ፤ ኮፈኑንም ለመክፈት ወይም ለመጫን አትሞክሩ። አንዱ ወንጭፍ ተተኩሶ ሌላው ያልተተኮሰ ሊሆን ይችላል።
• ቁርጥራጭ ብረት ስትገዙ ጆንያውን ዘርግፋችሁ አንድ በአንድ እዩ። ሻጩ "አትነካካ" ካላችሁ አትግዙ።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? ከፈነዳ በኋላ የሚመጣ ምክር ለማንም አይጠቅምም።

በዚያ ምሽት ቱቦውን ከመንደሩ አርቀን አስቀመጥነው። በማግስቱ ለቀበሌው ነገርን። ይህን ዓይነት ነገር የሚያውቅ መካኒክ ከሶዶ መጥቶ ተረከበው። ብረት ቀጥቃጩ የከፈሉት ገንዘብ አልተመለሰላቸውም። "ይሁን፣ ለትምህርት ከፈልኩ" አሉ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ ሥራ ቦታቸው ስንሄድ በሩ ላይ በከሰል የተጻፈ ነገር አየን። ፊደሉ ትንሽ ዘሟል። "ቢጫ ሶኬት ያለው ብረት እሳት አይገባም" ይላል። ከሥሩ የፍንዳታውን ምልክት ስለውበታል። ልጃቸው ወናፉን ይነፋል። አባትየው ጆንያውን መሬት ላይ ዘርግፈው፣ እያንዳንዱን ብረት እያገላበጡ ያያሉ።

"ፊደሉ ልክ ነው ወይ?" ብለው ጠየቁን።

ልክ ነው አልናቸው።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ገመዱ፣ ጠባቂውና ወንጭፉ በመኪናው ላይ ምን ምን ናቸው?
2. የባትሪው ሽቦ ከተፈታ በኋላ መካኒኩ ለምን ይጠብቃል?
3. የእግረኛ መንገድ በሌለበት ለምን ግራችንን ይዘን እንሄዳለን?
4. በመንደራችሁ ቁርጥራጭ ብረት የሚገዛ ማን አለ? ይህን ጽሑፍ ማን ያነብለታል?